ክዳን

ፑዌንቴ አልቶ፣ ከሳንቲያጎ ዳርቻ

ተራራው አቅፎናል፤ ማቀፉ ባልከፋ፣
ጭሳችንን መልሶ በኛው ላይ ባይደፋ።
በዚህ አገር ሰኔ፣ ቆፈኑ ሲይዘን፣
ሞቃት አየር ከላይ ከድኖ አፍኖ ያዘን።

ኤርሜሊንዳ ጧት ጧት ልብሷን ስታሰጣ፣
በረዷማ ጫፉን ፈልጋ ብታጣ፣
«ኳስ የለም» ትላለች፣ በሩን ትዘጋለች፤
ከልጇ ደረት ላይ ፉጨት ትሰማለች።

ማክሰኞ ሌሊቱን ዝናብ አጥቦት ሄደ፤
በረቡዕ ተራራው እደጇ ወረደ።
«ለካ እዚሁ ነበርክ!» ብላ ሳቀችበት።
መሸ፤ ጥርት ያለ፣ ብርድ የበረታበት።

እንጨቱ እርጥብ ነበር። ለልጇ ለኮሰች።

ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣
ከጎረቤቶቿ ጭስ ጋር፣
ከዚያ የማይታይ ነገር አናቱን የነካው ይመስል
ጋደም አለ።