ሐረጎ ላይ የተነበበ ደረሰኝ

ኮምቦልቻ ታች ወርጄ፣ መኪናዬን ሰጠሁ፣
በመስታወቱ ቤት፣ ሶፋ ላይ ተቀመጥሁ።
ውሃ በብርጭቆ፣ ፈገግታ በነጻ፣
ሹሙ ብቅ አለልኝ፣ ሸሚዙ የነጻ፦
«የፍሬን ሸራ አልቋል፣ አራቱም ይቀየር፤
ዋስትናህ እንዳይፈርስ፣ ሌላ ጋራዥ አትዙር።»

እሺ አልሁ እንጂ እኔማ፣ ጓንጉልን ረስቼ፣
ቧንቧ ውሃ ያለውን፣ ቱታውን ጠልቼ፣
ካቻቢቴ ከጆሮው ደግፎ፣ አዳምጦ፣
የታመመች እግሯን የሚያወጣ መርጦ።

ከፈልሁ። ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም፤
ሚስቴ ማንበብ ታውቃለች።

ማታ ወደ ደሴ፣ ሐረጎን ስወጣ፣
አንድ ድምፅ አልተሰማ፣ አንድ ሽታ አልመጣ።
«ኩባንያ ይሏል ይሄ!» አልሁኝ ለራሴ፣
እያፏጨሁ ገባሁ፣ ጉም ወደ ዋጣት ደሴ።
ለካ ዳገት ደግ ነው፣ ነውር ይሸፍናል፤
ፍሬን ምን ያደርጋል፣ ሽቅብ ማን ይሸሻል?
ወሬኛው ቁልቁለት ነው፤
የሰው እጅ ምን እንደሠራ
ጠዋት ተነሥቶ የሚናገረው።

በማግስቱ እትዬ ዘምዘም፣ ጎኔ ተቀምጠው፣
ለወለደች ልጃቸው ሠላሳ እንቁላል አቅፈው፣
«ቀስ በል» እያሉኝ፣ ጉሙን እየጣስን፣
ጦሳን ከኋላ ትተን፣ ሐረጎ ጫፍ ደረስን።
ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ረገጥሁ፤
ጭቃ የረገጥሁ መሰለኝ፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ሰመጥሁ።
ምንም የሚይዝ የለም። ታች ያለው ቦርከና
እንደ ክር ቀጥኖ ይጠራኛል፦ «ና፣ ና።»
እትዬ ዘምዘም ዝም አሉ። ቀኝ እግራቸው ግን
በሳቸው በኩል የሌለ ፍሬን
ፍለጋ፣ ምንጣፉን ይጫን ነበር፣ ይጫን።
ማርሽ እየቀነስሁ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣
የእጁን እየሳብሁ፣ ሞተሩ ሲያብድ፣
መንገድ ሠሪ ካራገፈው የጠጠር ክምር
አፍንጫዋን ሰካሁ፤ ቆመች ሳትሰበር።

«አብሽር» አሉኝ እትዬ፣ እንቁላሉን ቆጥረው፣
«ሁለት ብቻ እኮ ነው የተሰበረው።»

በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ገባሁ መስታወቱ ቤት።
«አዲስ ሸራ» አለ ሹሙ፣ «እስኪለምድ ይላላል።»
«ማን እስኪለምድ?» አልሁት፣ «እኔ ወይስ ገደሉ?»
ኮምፒዩተሩን አዞረልኝ፦ ተሠርቷል፣ ይላል፤ ተፈትሿል፣ ይላል፤
ማሽን እንደሚምል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።
አልጮህሁም። ደረሰኙን እጁ ላይ አኖርሁ፦
«ሐረጎ እንውጣና፣ ስንወርድ ታነበዋለህ።»

ወጣን። ሽቅብ ሲሄድ አፉ ክፍት ነበረ፣
ስለ ኩባንያው ክብር ብዙ ተናገረ።
ዞርን። ቁልቁል አየ። ማንበብ ጀመረ፦
«ሸራ... አራት። የእጅ ዋጋ። ፍተሻ... ተደረ...»
ከዚያ ድምፁ ጠፋ።
በዓይኔ ጥግ ሳየው፣ የተወለወለው ጫማው
ምንጣፉን ይጫናል፤
እትዬ ዘምዘም ያጡትን፣ ያንኑን ይፈልጋል።
«አቁም» አለኝ በሹክሹክታ።
«በምን?» አልሁት።

ማታ ሲፈታ፣ አዲስ የሆነው ሁለቱ ነው፤
የኋላዎቹ የድሮዎቹ፣ በአሸዋ ወረቀት ፊታቸውን ታጥበው፤
ወረቀቱ ላይ ፍሬን፣ ጎማው ላይ ፍሬ የሌለው።
ገንዘቤ «ይታያል» ተባለ። ለጊዜው፣ ለይቅርታ፣
ካላንደር ተሰጠኝ፣ በየወሩ አንድ መኪና ያለበት።

ዋስትናው ቀርቷል። ካላንደሩ ቧንቧ ውሃ ተሰቅሏል።
ጓንጉል ምንም አልጠየቀኝም፤
ፔዳሉን በእጁ ጫን አድርጎ «አሁን ያዘ» አለ፤
ከዚያ ኅዳርን ከግድግዳው ቀድዶ
ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገበት።