አልደረቀችም

ሥዕል አላውቅም፤ አናጢ ነኝ እኔ፤
የምፈርደው በሜትር፣ በእጄና በዓይኔ።
ቢሆንም ለሎቭሮ ክፈፍ ገጥሜያለሁ፤
ያልከፈለኝን እንኳ ዛሬም እቆጥራለሁ።

በፀርክኒፃ ሜዳ፣ በታችኛው መንደር፣
የሎቭሮ ኦብሬዛ አባት
ክረምት አሣ ሲያጠምድ፣ በጋ ላይ ሣር ሲያጭድ፣
ያው አንዱ ቦታ ነበር።
ሐይቃችን እንዲህ ነው፤ አመል ነው ያለው፤
በጥቅምት ይመጣል ማንም ሳይጠራው፤
ሰኔ ላይ ይሄዳል ማንም ሳይሸኘው፣
«ወንፊት» በምንላት ጉድጓድ ሾልኮ ገብቶ፣
ጀልባችንን ጭቃ ላይ እንደ ላም አስተኝቶ።

ሎቭሮ ልዩብልያና ቀለም ተምሮ፣
በሦስት ዓመቱ መጣ፣ ጢሙን አጎፍሮ።
«ምን ይዘህ መጣህ?» ሲሉት፣ «ዓይኔን» አለ፤ ሳቁ፤
እናቱ ዝም ብላ አየች፤ ክርኑ ላይ አልቋል ጨርቁ።

ኑሮው ፖስታ ካርድ ነው፣ የጸሎት ቤት ጣራ፣
የቢራ ቤት ታፔላ፣ አጋዘን ከነተራራ።
አንዴ ከተማ ላይ ሥዕሉ ሲወጣ፣
«የመንደር ሠዓሊ» አለው ጋዜጣ፤
ቆርጦ ለጠፈው ከምድጃው በላይ፣
ጢስ እስኪያጠቁረው፣ ፊደል እስከማይታይ።

አንዲት ሰሌዳ ግን፣ የባሉጥ፣ ክንድ ተኩል፣
ዋጋ ለጠየቀው «አልደረቀችም» ይላል።
ውሃው ሲመጣለት ውሃ ይቀባባታል፤
ውሃው ሲሄድበት ሣር ያለብሳታል፤
የአምናውን ሸምበቆ ዘንድሮ ይቀብራል፤
የዘንድሮን በረዶ የከርሞ ሣር ይውጠዋል።
አርባ አንድ ዓመት እንዲህ። መፋቂያ ሳይነካት
እያደር ከበደች፤ ሚስማሩ አልቻላት።
ሦስቴ ተጠርቼ መስቀያ ለወጥኩኝ፤
አራተኛው ጥሪ
ሣጥኑን አሠራኝ።

ከከተማ መጡ፣ ነጭ ጓንት ያደረጉ፣
ራጅ ሊያነሷት፣ ከሥሯ ሊፈልጉ።
«ከታች ያለው» አሉ «የጉብዝናው ሥራ፣
ዋናው እርሱ ነው፤ ይላጥ በየተራ።»
ግንቦት ማብቂያው ነበር። ሐይቁን በመስኮት
አሳየሁና «ሰኔን ታገሡት፣
በራሱ ይሄዳል» አልኳቸው። ሳቁብኝ፣
በሎቭሮ እንደሳቁት። ምንም አልመሰለኝ።

ማታ ከግድግዳው ሳወርዳት ብቻዬን፣
በጠርዟ በኩል አሳለፍኩ ጥፍሬን፤
ሰማያዊ፣ ገለባ፣ ሰማያዊ፣ ገለባ፣
እንደ ግንድ ቀለበት፤
አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ቁጥሩ ገደል ገባ።
ከታች በቀኝ በኩል፣ ሣሩ ሊጀምር ሲል፣
አውራ ጣቴ አረፈ፤ ለስላሳ ነው፣ ይሰምጣል።

እውነቱን ነበረ፤ አልደረቀችም ገና።
በማግስቱ የርክክቡን ወረቀት ስፈርም፣
ጎኑ ላይ ሣር በቀለ።
እነሱ አላዩትም።