ፈረስ የሌለው ኮርቻ

ሰፊ ነኝ፣ መጋላ ውስጥ፤ የመኪና ወንበር፣
ሙያዬ ለተቀመጠ መቀመጫ ማሳመር።
ስንቱ ሾፌር ተደላድሎ ጅቡቲ ሲመላለስ
የኔ ስፌት ከሥሩ ነው፤ ስሜ የለም ሲወደስ።
ዘንድሮ ግን ለራሴ አንድ ነገር ሰፋሁ፦
ፈረስ የሌለው ኮርቻ፤ ዛፍ ልጭን ተነሣሁ።

ምክንያቱ ዓብዶሽ ነው፣ የቢዮ አዋሌው፣
ማሽላውን የዱር አሳማ ሌት ሌት የሚያርሰው።
«አቦ፣» አለኝ፣ «ምድር ላይ አድፍጬ ብጠብቅ
አፍንጫው ያጋልጠኛል፤ ይሸሻል ገና ከሩቅ።
ከላይ ቢሆን ነው እንጂ፣ ከሁመሩ ጫፍ ላይ፣
ነፋስ ጠረኔን ወስዶ እንዲበትነው ሰማይ።»

ቀበቶውን ፈታሁት ከአንዲት ፔጆ ሬሳ፣
ከቀፊራ ጀርባ ካለች፣ ዝገት እንደ ጋቢ ለብሳ፤
ሰው እንዳይሞት የተሠራ፣ ማንንም ያላሰረ፣
ሾፌሩ ሁሉ ንቆት አዲስ እንደ ሆነ የቀረ።
ክሩን በሰም አሸሁት፤ ወርቁን አትጠይቁኝ፣
ወርቅ ኖሮኝ ቢሆንማ ዛፍ ላይ ባላያችሁኝ።
ቀለበቱ ከለገሀሬ፣ ከባቡር ብረት ቁራጭ፣
እርካቡ የሐዲድ ጣውላ፣ ሁለት እግር አስቀማጭ፤
ቋጠሮውን ያሳየኝ የግመል ነጂው ዋይስ፣
ሲከብዱት ጥርሱን የሚነክስ፣ ሲቀሉት የሚለሰልስ።

ሰባት ጊዜ ፈታሁት። ሰባት ጊዜ ሰፋሁ።
ሲጠብ ጭኔን በላኝ፤ ሲሰፋ ሾለክሁ።
አሰለፈች፣ ሚስቴ፣ አየች፤ አንድ ነገር ነው ያለችው፦
«ለስንቱ ወንበር ሰፍተህ፣ ያንተ መቀመጫ ዛፍ ነው?»

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሰፈር ጫት ላይ እያለ፣
ኒማችን ላይ ወጣሁና እግሬ ከምድር ነጠለ።
እጄን ለቀቅሁ።
ያዘኝ!
ዐይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ዝም ብዬ፣
ሰባ ኪሎ ኑሮዬን ገዛ ስፌቴ ላይ ጥዬ።

ከአጥር ማዶ አንድ ጩኸት፦ «ወይኔ! ታነቀ! ታነቀ!»
ምርቃናው ከስንቱ ራስ በአንድ ጊዜ ወለቀ።
ቢላ ይዞ የሮጠ አለ፣ መሰላል የተዋሰ፣
ደግነቴን እየጠራ ከወዲሁ ያለቀሰ።
«አትቁረጡ!» ብዬ ጮህሁ፤ «አቦ፣ ልኬት ላይ ነኝ!»
ሬሳው ሲናገር ጊዜ ሰፈር በሙሉ ሸሸኝ።

አንዷ ብቻ አልሸሸችም፤ ከሥሬ ተተክላ ቆመች፣
እግሬን በሁለት እጇ ወደ ላይ ደግፋ ያዘች፤
ሩቂያ፤ በአንድ በርሜል ውኃ ሦስት ዓመት ያኮረፈችኝ፣
ያቺው፣ ላቧ እየወረደ፣ «አይዞህ» እያለች ያነሣችኝ።
እግሬ ምድር ሲረግጥ ግን በጥፊ ነው የመታችኝ።
ማታ፣ ልጇን አስይዛ፣ አንድ ጀሪካን ላከችልኝ።

አደኑማ አጭር ነው።
ዓብዶሽ ምንሽር አዋሰኝ፤ ጥይቱ ሦስት ብቻ ነው።
ሁለት ሌሊት ትንኝ በላኝ፤ እግሬ ደንዝዞ አደረ።
በሩቁ የድሬ መብራት ከአቧራው ጋር ተሳከረ፤
አንድ ከባድ መኪና፣ ዳገቱ ላይ፣ ያቃስታል፤
ማን ያውቃል፣ ሾፌሩ ከሥሩ የኔ ስፌት ይኖረዋል፤
እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ሁለታችንን አንድ ክር ይዞናል።

በሦስተኛው፣ ጨረቃ ስትወጣ፣ አገዳው ተሰበረ፤
ጥርሳሙ ብቻውን መጣ፣ እንደ ባለርስት እየተንጎራደደ።
ቀና ብሎ አላየኝም፤ ሰማይን ማን ይጠረጥራል?
ስፌቴ ሲጥ ሳይል ተኮስሁ። ሸለቆው ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን ይጮሃል።

ሥጋውን እሱ አይበላ፤ እኔም አልቀምስ፣ አልነካ፤
ጅብ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ጎትቶ በላና ረካ።

ኮርቻው አሁን ሱቄ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤
የገባ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ «የምን ፈረስ?» ይለኛል።
ትናንት ሩቂያ መጣች፤ እጇ ወገቧ ላይ ነው፦
«ያን ማነቂያህን ይዘህ ና፤ በርሜሉ ጣራዬ ላይ ነው፤
ያው በርሜል፤ ቀዳዳ አበጅቷል፤ ደፋሪ ነው ያጣው።»

ስምንተኛ ጊዜ ፈታሁት፤ ለጣራ ልክ ላደርገው።