የዳር ኮከብ

ደብረ ብርሃን ናት ስሟ፤ እኛ ግን ከብርሃን ሸሸን፣
ከፋብሪካው መብራት፣ ከአስፋልቱ አምፖል ጠፍተን፣
ኅዳር በገባ በሦስተኛው ቀን ጣርማበር መሸብን።

በአምሃ ፒካፕ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣
ቱቦው እንደ ታማሚ ተጋድሟል፣ ተንጋሎ።
ላሜራውን የበየደው እሱ፤ መስታወቱ የኔ፣
የሦስት ዓመት ቁጠባ፣ የጡረታ ምናኔ።
ቁመቱ አጭር፣ አፉ ሰፊ፣ ኤፍ አራት፤
ብርሃንን አንገቱን ይዞ በሾጣጣ መንገድ የሚያጣድፍ።
«ፈጣን» ይሉታል ሲያሞግሱት።
ሠላሳ ዓመት ኦፕቲክስ ያስተማርኩት እኔ እንኳ
«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ማለት የገባኝ በእሱ ነው፦
መሃል ያለው ኮከብ አንዲት ፍሬ ጤፍ፣
ዳር ያለው የተደፋ።

ሦስት የዓይን ሌንስ ይዣለሁ፣ በሦስት ካልሲ።
አንዱ የራሴ፤ ሁለቱ የትውስት፣ እስከ ሰኞ።
የወጣልኝ ዕቁብ የሚገዛው አንዱን ብቻ ነው።

የራሴን አስቀደምኩ። ሠላሳ ሁለት ሚሊሜትር፣ ጠባብ።
ኤፍራታ መነፅሯን ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች፦
«ቲቸር፣ ዳር ዳሩ ላይ ወፍ ሆነዋል!»
እውነቷን ነው። ክንፍ አውጥተዋል፤
ደግሞም ጭራ፣ ከመሃል ወደ ውጭ የሸሸ።
ሽማግሌ ሆኜ ዳኘሁ፦
ክንፉ የሌንሱ ጥፋት፣ ጭራው የመስታወቱ፤
ካሣው ግን ከኔ ኪስ።

ሒሳቡም አለ። ሠላሳ ሁለት ለአራት፣ ስምንት።
ስምንት ሚሊሜትር የሚወፍር የብርሃን ዘንግ
ለስድሳ ስድስት ዓመት ብሌን፣
አምስት ብትከፈት ለምትደክም!
የቀረው፣ አራት መቶ ዓመት ተጉዞ መጥቶ፣
ከደጃፌ ተመለሰ፤
ቤት እያለ፣ ሳያድር።

ሁለተኛው ሃያ ሚሊሜትር፣ ሰማንያ ሁለት ዲግሪ፣
የወፍጮ መጅ የሚያህል።
ሲገባ ቱቦው አፍንጫውን ደፋ፤
አምሃ ፒንሳውን ከጭራው አንጠለጠለ፣ ቆመ።
ያው ሰማይ ነው፤ የተቆረሰውም እኩል፣
ሰባቱ ከዋክብት ከነቤተሰባቸው።
ግን ግራጫው ጠቁሯል፤
ዳር ያሉትም ክንፋቸውን ጥለው
ጭራቸውን ብቻ ይዘዋል።

ሦስተኛው መቶ ዲግሪ።
መቶ ዲግሪ አጥር የለውም።
መነፅሬን አወለቅሁ፣ ሽፋሽፍቴን ብርጭቆው ላይ ደፋሁ፣
ቃል ጠፋኝ፣ እግሬ መሬቱን አጣ፤
ከጀርባዬ የይፋት ገደል መኖሩንም ረሳሁ።
ለዚህ፣ አልኩ፣ የቤቴ ቆርቆሮ ሌላ ክረምት ያፍስስ፤
ለዚህ ዕቁቡ ከነዳኛው ይሂድ።

ኤፍራታን ጠራሁ። ጎንበስ አለች፣ ቆየች።
«ምን ያህል ይታይሻል?»
«እንደ ቁልፍ ቀዳዳ።»
መነፅሯ ነው። ካላወለቀችው ዓይኗ አይጠጋም፤
ካወለቀችው
ኮከቡ ሁሉ መርፌነቱ ይቀርና ክር ይሆናል።
አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ብሌኗ ሰባት ትከፈታለች፤
ከኔ ደጃፍ የተመለሰ ብርሃን እሷ ዘንድ ያድራል።

ዝም ብዬ ሃያውን መለስኩት።
ከነመነፅሯ እስከ ዳሩ ሄደች፤
ስትቆጥር ሰማኋት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣
ሃያ ስትደርስ ውርጩ ቁጥሩን ከአፏ ወሰደው።

ጭራውስ? ጭራውን የሚያርም ሌላ ሌንስ አለ፤
ዋጋውን አልነግራችሁም። ይቆይ።
ኮከብ ጭራ ቢኖረው ማን ከሰሰ?

ስድስት ሰዓት ላይ ጉሙ ከደብረ ሲና ወጣ፣
ለቅሶ እንደዘገየበት ዘመድ
ይቅርታ ሳይጠይቅ መሃላችን ገባ።
ካልሲዎቹን ስሰበስብ፣
ሌሊቱን ባትሪ ይዞ የቆመው አምሃ
«እስቲ እኔም» አለና ዓይኑን ሰጠ።
ረጅም አየ።
«ነጭ ነው» አለ፤ «እስከ ዳሩ ድረስ ያው ነጭ።
ግዛው። ጥሩ ዕቃ ነው።»