የጋሽ ደስበለው ደም

በሬሳ ወንዝ ላይ ውርጩ ሲጋገር፣
እኔ ጨለማ ክፍል፣ ከማጉያው ጋር።
ደሙ የጥበቃው ነው፣ የጋሽ ደስበለው፤
«ለትምህርት ከሆነ ውሰጂ» ያለው ሰው።

ያንን ትሪክሎሳን፣ የሳሙናውን ቅመም፣
ጀርም ይገድላል ብለው የሚሸጡትን ለዓለም፣
በጠብታ ለክቼ፣
መብራት ሁለቴ ቢሄድ ሁለቴ ጠብቄ፣ ቀለም ረጭቼ፣
ሌሊቱን ቆጠርኩት ዓይኔን አሻሽቼ።

ጤነኛው ሴል ክብ ነው፤ የተጎዳው ግና
የዘር ክሩ ተበጥሶ፣ ጭራ ያወጣና
ጅራታም ኮከብ ይሆናል።

ካልነካሁት መቶ፣ ሦስት ባለ ጅራት፤
በትንሹ መጠን፣ ያው ቢበዛ አራት፤
በትልቁ
ሃያ ስድስት።
ደገምኩት። ሃያ ስድስት።

ግን ያን ያህል መጠን ማን እጅ ላይ ይደርሳል?
ጠርሙስ ውስጥ ያለ ሴል በሰው ይመሰላል?
መዝገቡ ላይ ጻፍኩና «ይመሰላል»ን ሰረዝኩ፤
ጥያቄ ምልክቱን ብቻ ተውኩ።

ጠዋት ከቧንቧው ስር፣ ጋቢውን መልሶ፣
በዚያው ሳሙና እጁን አረፋ አልብሶ፣
«እህሳ፣ ደሜ ምን አለሽ?» አለኝ።
«ገና ነው፣ ጋሼ።»
ውሃው ከጣቶቹ አረፋውን ይዞ
ወደ በሬሳ ወረደ፣ በቦዩ ተጉዞ።

ፎጣ አቀበልኩት።