ቤቶች!

በኮሌጃችን ውስጥ፣ ክፍል ቁጥር ሰባት፣
አንድ ቤት ሠርተናል፣ ሰው የማይኖርበት፤
ግድግዳው አንሶላ፣ ምድጃው ካርቶን ነው፣
በሩ ብቻ እውነት፣ አናጢ የገጠመው፣
ከወለሉ መሃል ብቻውን የቆመ።
በግራ በቀኙ ማለፍ ቢቻል እንኳ
መመሪያው ይላል፦ «ተማሪዋ ታንኳኳ።»

አንኳኳሁ።
ሲስተር ትርፌ ሰዓት ያዘች፣
እስክሪብቶዋን ጠቅ አደረገች።
ከአንሶላው ጀርባ ጋናሜ አለች፣
አሞራ ገደል ዓሣ ስትበልት ያደገች፣
ዛሬ በቀን አበል እናት የሆነች፤
በወረቀቱ ላይ «ክትባት እንቢ ያለች»።
እሷ ግን ከወረቀቱ ወጣች፦

«ልጄ፣ በእኛ ሰፈር በር ማን ያንኳኳል?
አበዳሪ ነው፣ ካልሆነም ፖሊስ።
ቤቶች! በይ፤ ከእግርሽ ድምፅሽ ይቅደም።»

ሲስተር ሰዓቱን አቆመች። «ይህ ጽሑፉ ላይ የለም።»
ጋናሜ ሳቀች።
እንደገና ጀመርን፣ እንደገና አንኳኳሁ።

ሕፃኑ ላስቲክ ነው፤ የሰባት ወር ይላል ካርዱ፤
ሆዱን የሐይቅ ዳር አሸዋ ሞልተነዋል፣ እንዲከብድ።
ክንዱን በጥብጣቡ ለካሁት፤ አረንጓዴ።
ትናንትም አረንጓዴ፣ ለከርሞም አረንጓዴ፤
ላስቲክ ምን ርቦት ይከሳል?

ስመልስላት ግን
ማንም ሳይነግራት አንገቱን ደገፈች፣
በመዳፏ፣ ዓሣ ዓሣ በሚሸት መዳፏ።
ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ሳጥን ፈለግሁ፤ አልነበረም።
ዘጠና አንድ አገኘሁ። ከመቶ።

ማክሰኞ፣ ከታቦር ሥር፣
እውነተኛው ቤት በር የለውም፤ መጋረጃ ነው።
ጨብጬ ያነሳሁት እጄ አየር ላይ ቀረ፤
ጨርቅ አይንኳኳም።
«ቤቶች!»
ድምፄ ሰለለ፣ ግን ቀደመኝ።
«ግቢ» አለች፣ ገና ሳታየኝ።

ጥብጣቡ ተንሸራተተ። አረንጓዴውን አለፈ፣
ቢጫውን አለፈ።
ቀና ብዬ ሲስተርን ፈለግሁ፣
ሰዓቱን እንድታቆምልኝ።
የጎረቤት ራዲዮ ብቻ ያወራል።

ከዚያ እጄ ሄደ፤ እኔ አላዘዝኩትም፤
ከአንገቱ ሥር ገባ።
እናቱ እጄን አየችው።
«ስንት ወለድሽ?» አለችኝ።
ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አሸዋ ነው ያቀፍኩት ልላት አፈርኩ።
«ነጠላሽን አንሺ፣ አብረን እንሂድ» አልኳት፤
ባጃጁ ጤና ጣቢያው በር እስኪያደርሰን
እጄን አልመለስኩትም።