እርማት

ከፖስታ ቤት በላይ፣ ከዳገቱ መሀል፣
ሐምሌ ጃንጥላ ሰብሮ «ግቢ፣ ግቢ» ይላል።
ገባሁ። ምንተስኖት፣ ከባንኮኒው ማዶ፣
«ቲቸር!» አለኝ ዛሬም፣ ምላሱ ተላምዶ።

ቤቱ ፎቶ ቤት ነበር፤ ፊልም በሚያጥቡበት
ጨለማ ጓዳ ዛሬ ሦስት በርሜል አለበት፤
ግድግዳው ላይ ሰዓት፣ ቧንቧ፣ ቴርሞሜትር።
«የቤልጂግ ዓይነት ነው፤ የራሴ፤ ሃያ ሊትር።
ይቅመሱና ይንገሩኝ። ብቻ እንዳያዝኑልኝ፤
እንደ ዱሮው አድርገው በቀይ ያርሙልኝ።»

የደንቡ ብርጭቆ የለውም፤ በብርሌ ቀዳ፤
አንገቱ ሥር ቆመ ሽታው፣ እንደ ደጅ እንግዳ።
በመብራት አየሁት፦ ጉሽ ነው፣ ደፍረስ ያለ፣
የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ የመሰለ።
አረፋው ወፍራም ነው፤ ቶሎ አይከስምም፤
ከንፈሬ ላይ ቀረ፤ መሐረብ አይፈራም።

አንድ ጉንጭ ያዝሁ።

መጀመሪያ ሙዝ። በጣም የበሰለ፣
ያ ማታ በርካሽ የሚሸጥ፣ ገዢ ያልታደለ።
ከኋላው ቅርንፉድ። እዚህ ላይ ፊቴን አጠቆርሁ፤
የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ተቀመጥሁ፤
በጥጥ የነከረው ዘይት፣ የዚያ ክረምት ሕመም፣
ሃያ ዓመት ዞሮ ቢራ ውስጥ? አላምንም!
ከዚያ ድምብላል።
ምሬቱ ግን ዘገየ፤
ጌሾ አይደለም፤ እንደሚያረፍድ ተማሪ
ቀስ ብሎ ከኋላ ወንበር ታየ።
አልኮሉ ጨዋ መስሎ ገብቶ በጆሮዬ ወጣ፤
ዘጠኝ ከመቶ ነው ለካ፣ የትሑት ሰው ቁጣ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር፤ ኬሚስትሪ፤ የመጨረሻው ክፍል፦
«መፍላትን አስረዳ፤ ስኳር እንዴት ይሆናል አልኮል?»
ሁለት መስመር ጽፎ ቀሪውን ነጭ ተወው።
አርባ ስምንት ሰጠሁ።
ያ ነጭ ወረቀት ነው
አሁን አፌ ውስጥ የሚፈላው።

«እሺ፣ ቲቸር?» አለኝ፣ ጨርቁን እየጨመቀ።
«እርሾህን ሞቆት ነበር፤ ሙዙ በዝቷል» አልሁት። ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም። እውነቴን ነው።
ደግሞ ቀዳልኝ፣ ሳልጠይቀው።

ውጪ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ይላል፤
ሰው ሞልቶ ጥሎኝ ሄደ፤ ሌላው ይመጣል።
ብርሌው ሥር አንቡላ ቀረ፣ እንደ ኖራ ውሃ የነጣ፤
ሊደፋው እጁን ሲሰድ፣ ሌላ ንጹሕ ሊያመጣ፣
አንገቱን ጨበጥሁ፦
«ተወው፤
አርሜ አልጨረስሁ።»